መጦርን ስማር



እንድናገር የተጠየቅኩት ስለ አገልጋይ ጡረታ ነው። ጡረታ ከወጣሁ 9 ዓመት ሆኖኛል። በነዚህ ዓመታት የተማርኩት ትልቁ ነገር መጦር ነው። መጦር ትምህርት የሚፈልግ ነገር መሆኑን በ33 ዓመት አገልግሎቴ ማንም አልነገረኝም፤ እኔም ለማንም አልሰበክኩም።

ቃሉን ራሱን እንየው። ጡረታ «ጦረ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። ልጅ እናቱን ጦረ ስንል አበላት፣ አለበሳት፣ ጉልበቷ ሲከዳት ደገፋት ማለታችን ነው። አያቶቻችን «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ብለው ሲመርቁ ጧሪ የሚሉት ይህንኑ ሰው ነው። እንግሊዞች ለዚህ የዕድሜ ክፍል የያዙት ቃል ወደ ኋላ ማፈግፈግን፣ ገለል ማለትን ያሳያል፤ የስፓኞቹ ደግሞ ከእልልታና ከደስታ ጋር ይዛመዳል። የእኛ ቃል ሥራ ስለ ማቆምም፣ ስለ ማረፍም አንዳች አይልም። የሚናገረው ሰው ሰውን ስለ መሸከሙ ነው። እኔ በሥራ ዘመኔ ሁሉ የተጠራሁበት ማዕረግ ደግሞ «መጋቢ» ነው፤ የሚመግብ፣ የሚያበላ። እንግዲህ 33 ዓመት መጋቢ ሲባል የኖረ ሰው አንድ ቀን ጠዋት ተነሥቶ ተጧሪ ሁን ይባላል። ይህ ለእኔ ቀላል አልነበረም፤ ቀላል ነበር ብዬ ብነግራችሁ እዚህ መቆሜ ዋጋ የለውም።

ሽኝቴ በ2008 ዓ.ም. እሑድ ቀን ነበር። መዘምራን ዘመሩ፤ ሽማግሌዎች እጃቸውን ጭነው ጸለዩልኝ፤ እናቶች እልል አሉ፤ በመጨረሻም ወፍራም ነጭ ጋቢ አለበሱኝ። ከልብ የተሰጠ ነበር፤ ዛሬም የክረምት ልብሴ እሱ ነው። በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ውስጥ የነበረውን የአገልጋይ ቤት መልቀቅ ጀመርን። የተተኪዬ ባለቤት ነፍሰ ጡር ስለነበረች ቶሎ መግባት ነበረባቸው። እኛም ልጆቻችን ባዋጡት ገንዘብ እዚህ ፉሪ ወዳሠራናት ሁለት ክፍል ቤት መጣን። የለቡ ባቡር ጣቢያ ያን ጊዜ ገና አልተመረቀም ነበር። መስከረም 25 ቀን 2009 የጅቡቲው ባቡር ሲመረቅ ባለቤቴና እኔ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ወጥተን አየን። ያን ጊዜ ሰፈሩ በሰበታ ሥር ነበር፤ በ2015 ሸገር ከተማ ሲመሠረት ፉሪ ራሱን የቻለ ክፍለ ከተማ ሆነ። መታወቂያችን ሁለት ጊዜ ሲቀየር እኛ ከዚያችው ግቢ አልተነቃነቅንም።

ወደ መጽሐፉ ልግባ፤ አገልጋይ ስለሆንኩ እሱን ሳልነካ ማውራት አልችልም። መጽሐፍ ቅዱስ ስለ አገልጋይ ጡረታ በግልጽ የሚናገርበት አንድ ቦታ አለ፤ ዘኍልቍ ምዕራፍ 8 መጨረሻ ላይ ነው። ሌዋውያን በ25 ዓመታቸው ወደ መገናኛው ድንኳን ሥራ ይገባሉ፤ 50 ዓመት ሲሞላቸው ከሥራው ይወጣሉ። የድንኳኑ ሥራ ሸክም ነበረና፤ ምሰሶና መጋረጃ፣ ሳንቃና ካስማ እየነቀሉ በምድረ በዳ መሸከም ነበር። ግን ትእዛዙ በዚያ አያበቃም። 50 የሞላው ሰው ሸክሙን ይተውና ከወንድሞቹ ጋር እየጠበቀ ያግዝ ይላል። ጥበቃ። ይህን ክፍል በሥራ ዘመኔ ብዙ ጊዜ አንብቤው አልፌዋለሁ፤ እንደ ሕግ ዝርዝር ቆጥሬው እንጂ እንደ መልእክት አልሰማሁትም። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

50 የሚለው ቁጥር ለእኛ አገር ክርስቲያኖች ሌላ ስም ያስታውሳል። ቄስ ጉዲና ቱምሳ፣ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ፣ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ምሽት አዲስ አበባ ውስጥ አገልግለው ሲወጡ በደርግ ሰዎች ታፍነው ተወሰዱ፤ ተገደሉም። ዕድሜያቸው 50 ነበር። ሌዋዊ ቢሆኑ ሸክማቸውን አውርደው ወደ ጥበቃ የሚዞሩበት ዓመት ነው። ከአገር እንዲወጡ መንገድ ተመቻችቶላቸው መንጋዬን ትቼ አልሄድም ብለው እንደቀሩ እናውቃለን። አስከሬናቸው ተገኝቶ በክብር ያረፈው ሰኔ 20 ቀን 1984 ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ 10 ዓመት ያህል ታስረው ከወጡ በኋላ ረጅም ዕድሜ ኖሩ። ስለ ጉዲና ብዙ ይነገራል፤ ይገባቸዋልም። እኔ ግን ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ይበልጥ የማስበው ስለ ወይዘሮ ፀሐይ ነው። ጧሪዋ የተወሰደባት፣ ብዙ ዓመቷ በእስር ቤት ያለቀ ሴት በእርጅናዋ ማን ደገፋት? በስም የምናውቃቸው ሰማዕታት ብዙ ናቸው፤ የሰማዕታትን ሚስቶች የጦሩ እጆች ግን በታሪክ መጻሕፍታችን ውስጥ ስም የላቸውም።

በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ሌላ ዓይነት ሕይወትም አለ። ክቡር አቶ አማኑኤል አብርሃም ቄስ አልነበሩም፤ አምባሳደርና ሚኒስትር ነበሩ። ከ1955 እስከ 1977 ዓ.ም. ግን የመካነ ኢየሱስ ፕሬዚዳንት ሆነው አገልግለዋል። ሥራውን ሲያስረክቡ 72 ዓመታቸው ነበር። ከዚያ በኋላ 31 ዓመት ኖሩ፤ ትዝታቸውን በመጽሐፍ ጻፉ፤ በ103 ዓመታቸው አረፉ። 31 ዓመት ማለት አንድ ሙሉ የሥራ ዘመን ነው። ማንኛችንም ለዚያ ዘመን አንዘጋጅም። ኦኔሲሞስ ነሲብ ደግሞ፣ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክመው መጽሐፍ ቅዱስን በአፋን ኦሮሞ ያስገኙልን አባት፣ በ1923 ነቀምት ላይ ያረፉት ለስብከት በሚሄዱበት መንገድ ላይ ነው። እኛ ሰባኪዎች ይህን አሟሟት እንወዳለን። «እንደ ኦኔሲሞስ በመንገድ ላይ ያድርገኝ» እያልን እንጸልያለን፤ እኔም ጸልያለሁ። አሁን ሳስበው በዚያ ጸሎት ውስጥ ፍርሃት ነበረበት። አልጋ ላይ መዋልን፣ በሰው እጅ መታጠብን፣ ለሽንት እንኳ ሰው መጥራትን ፈርቼ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ወራት እንዴት እንደነበሩ ልንገራችሁ። እሑድ ሌሊት 10 ሰዓት እነቃለሁ፤ 33 ዓመት የለመደ ሰውነት ነው። ሙሉ ልብሴን እለብሳለሁ፤ ክራባቴን አስራለሁ። የምሄድበት መድረክ ግን የለም። ሰፈሩ ውስጥ ወዳለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ የኋላ ወንበር ላይ ስቀመጥ አስተናጋጆቹ ክብር መስሏቸው ወደ ፊት ይወስዱኛል። ወጣቱ አገልጋይ እኔን ሲያይ ድምፁ ይለወጥ ነበር፤ ስብከቱን እየመዘንኩበት መስሎታል። እውነቱን ለመናገር እመዝንበት ነበር። ከብዙ እሑዶች በኋላ አስተናጋጆቹን «እባካችሁ፣ ከእናቶች አጠገብ ከኋላ ተዉኝ» አልኳቸው። እዚያ ከኋላ ተቀምጬ ነው በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ስብከት የሰማሁት። ልጁ ስለ አጋር ይሰብክ ነበር፤ በምድረ በዳ ውሃ አልቆባት ልጇን ከቁጥቋጦ ሥር ጥላ ስለተቀመጠችው። በአጠገቤ ያሉት እናት በነጠላቸው ዓይናቸውን ሲጠርጉ አየሁ። መድረክ ላይ ሆኜ ያን አላየሁም ነበር፤ ከላይ ሲታይ ሕዝብ ብቻ ነው የሚታየው።

ንባቤም ተለወጠ። አገልጋዮች ታውቁታላችሁ፤ መጽሐፍ ቅዱስን የምናነበው እስክሪብቶ ይዘን ነው፤ ለእሑዱ፣ ለለቅሶ ቤቱ፣ ለሠርጉ የሚሆን ቃል እየፈለግን። አንድ ምዕራፍ ገና ሳያልቅ ሦስት ነጥብ አውጥተንለት እንነሣለን። ያለ እስክሪብቶ ማንበብ ስጀምር ለወራት ምንም አልሰማ ብሎኝ ነበር። ጸሎትም እንዲሁ። ባለቤቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት። አንድ ሌሊት ሰውነቷ ተንቀጥቅጦ ስትቀሰቅሰኝ እጄን ጭኜ መጸለይ ጀመርኩ፤ ድምፄ ያ የመድረኩ ድምፅ ነበር። እጄን ያዘችና «እኔ እኮ ጉባኤ አይደለሁም፤ እኔ ሚስትህ ነኝ። መጀመሪያ ስኳር ያለው ሻይ ስጠኝ፤ ከዚያ ቀስ ብለህ ጸልይልኝ» አለችኝ። ወጥ ቤት ገብቼ ስኳሩ የት እንደሚቀመጥ ስፈልግ ብዙ ቆየሁ። በ36 ዓመት ትዳር ውስጥ አላውቀውም ነበር። ዛሬ አውቃለሁ፤ መርፌዋን በስንት ሰዓት እንደምትወጋ አውቃለሁ፤ ሽሮም እሠራለሁ። ጸሎታችን ደግሞ አጭር ሆኗል፤ ብዙ ጊዜ አራት አምስት ቃል ነው።

ፉሪ መኖር ከጀመርኩ በኋላ የገባኝ ሌላው ነገር፣ 33 ዓመት ሙሉ ምእመን እንጂ ጎረቤት እንዳልነበረኝ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በቅጥር ግቢ ውስጥ ነው የኖርነው፤ ወደ እኔ የሚመጣው ሰው ሁሉ መጋቢ ብሎ ነው የሚመጣው። እዚህ ግን ውሃ በሳምንት አንዴ፣ ያውም በሌሊት ነው የሚመጣው። ቀድሞ የሰማ ሰው በየደጁ እየዞረ «ውሃ መጣ!» እያለ ያንኳኳል። ሁሉም በኩራዝና በባትሪ ይወጣል፤ ሮቶ ይሞላል፤ ጀሪካን ይደረደራል። ከጎኔ የሚኖሩት፣ ኦቦ የምላቸው ሰው፣ የዚህ ምድር ተወላጅ ናቸው። መጀመሪያ ያንኳኩልኝ እሳቸው ናቸው። አንድ ሌሊት ውሃው እስኪሞላ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ሳለ ቤቴን በጣታቸው እያሳዩ «ይሄ ግቢህ የአባቴ የሽምብራ ማሳ ነበር» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ግን ቀልድም አልነበረም። ምን እንደምመልስ አጣሁ። እነዚህ አዲስ አበባን የከበቡ ከተሞች ሁሉ፣ ፉሪም ሰበታም ቡራዩም ሱሉልታም፣ ገበሬ ያረሰበት መሬት ላይ ነው የቆሙት፤ የእኔም የእርጅና ቤት እንዲሁ። ይህን ስለማውቅ ቤቴ ውስጥ የምጸልየው እንደ ባለቤት ሳይሆን እንደ እንግዳ ነው። እኚያ ሰው ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ዓርብና ረቡዕን ይጾማሉ። እኔ እንደማልጾም ሲያውቁ የተናገሩት ነገር የለም፤ ብቻ ላማቸው ስትወልድ ከጾሙ ፍቺ ቀድመው እንገር ላኩልኝ።

የእድርን ነገር ደግሞ ልናዘዘው ይገባኛል። በአገልግሎቴ መካከለኛ ዓመታት፣ ደርግ ከወደቀ በኋላ ቤተ ክርስቲያናችን ስትሰፋ፣ አንዲት እናት ምክር ልትጠይቀኝ መጣች። የሰፈሯ እድር ድግስና ልማድ ከእምነቷ ጋር እየተጋጨባት ነበር። እኔም በእርግጠኝነት «ውጪ፤ እኛው የራሳችንን እናቋቁማለን» አልኳት። ከእኛ የቀደሙት አማኞች ቀብር ተከልክለው፣ ከእድር ተባርረው ያዩትን መከራ ስለማውቅ ነው እንዲህ ያልኩት፤ ክፋት አልነበረብኝም። እሷም ወጣች። የኛው እድር ሳይቋቋም ባሏ ሞተ። ስሄድ ድንኳኑ ተጥሏል፤ ወንበሩ ተደርድሯል፤ ንፍሮው ተቀቅሏል። ያስወጣኋት እድር ሳይጠራ ሙሉ ዕቃውን ይዞ መጥቶ ነበር። የእድሩ ዳኛ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና ሻይ አቀረበልኝ፤ ስለ ነገሩ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ያን ሻይ እንዴት እንደጠጣሁት እግዚአብሔር ያውቃል። ያቺን እናት ይቅርታ የጠየቅኳት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው፤ ያን ሁሉ ዓመት መዘግየቴ ዛሬም ይቆረቁረኛል። ዛሬ እዚህ በተሰበሰብንበት አዳራሽ ውስጥ ያሉት ወንበሮች የሰፈራችን እድር ናቸው። በአባላቱ ውስጥ ኦርቶዶክስ አለ፣ ሙስሊም አለ፣ እኛም አለን፤ ድንኳኑ ግን የሁላችን ነው።

ነሐሴ 2011 ላይ ወደቅኩ። የፉሪን መረሬ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ክረምት ሲገባ ጥቁሩ ጭቃ ሳሙና ይሆናል። የውሃ ጀሪካን ይዤ ተንሸራተትኩ፤ የዳሌ አጥንቴ ተሰበረ። ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኝ አራት ወር አልጋ ላይ ዋልኩ። ልጆቻችን አንዱ ሐዋሳ፣ አንዷ ውጭ አገር ናቸው፤ ባለቤቴ ደግሞ እኔን የማንሣት ጉልበት የላትም። ከምእመናኑ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙ ሰው መጣ፤ ዘመረ፣ ጸለየ፣ ሙዝና ብርቱካን አመጣ። ከዚያ እየሳሳ ሄደ። አልከፋኝም፤ ሰው ሥራ አለው፤ እኔም በጊዜዬ እንደዚያው ነበርኩ፤ የታመመን ጎብኝቼ ጸልዬ ሰዓቴን አይቼ ወጥቻለሁ። አብሮኝ የቀረው የኦቦ ልጅ ነበር። ባጃጅ ነው የሚነዳው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ በፊት መጥቶ ያጥበኛል። በመጀመሪያው ቀን ውሃውን አሙቆ፣ ሳፋውን ይዞ ሲገባ «አይ ልጄ፣ ተወው፤ ራሴ እሞክራለሁ» አልኩት። እሱም እጅጌውን እየሰበሰበ «አባባ፣ እርስዎ ስንቱን ሰው በውሃ አጠመቁ፤ ዛሬ ተራው የእርስዎ ነው» አለኝ። ከዚያ በኋላ አልተከራከርኩም። ጀርባዬን ሲያጥብልኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አለቀስኩ።

በዚያ አልጋ ላይ ነው ጳውሎስን እንደገና ያገኘሁት። ሁለተኛውን የጢሞቴዎስን መልእክት መጨረሻ አንብቡት። ሞቱን እየጠበቀ ያለ፣ ብዙዎች ጥለውት የሄዱ፣ የታሰረ ሽማግሌ ነው የሚጽፈው። ስለ አክሊሉ ከተናገረ በኋላ ወዲያው ጢሞቴዎስን ጢሮአዳ ላይ የተወውን በርኖስ እንዲያመጣለት ይለምነዋል፤ መጻሕፍቱንም፤ ክረምት ሳይገባም እንዲመጣ። ይህን ክፍል ስንቴ ሰብኬዋለሁ! ስለ መጻሕፍቱ ነው የሰበክኩት፤ «እስከ መጨረሻ አንብቡ» እያልኩ። ስለ በርኖሱ አንድ ቀን አልሰበክኩም። ያ ታላቅ ሐዋርያ ብርዱን አልደበቀም። ልጁ የሆነውን ወጣት «በርዶኛል፤ ልብስ አምጣልኝ» ለማለት አላፈረም። እኔ ግን የምወደው ገለዓዳዊውን ቤርዜሊን ነበር። ዳዊት ከአቤሴሎም ሲሸሽ ሠራዊቱን የመገበ የ80 ዓመት ሽማግሌ፤ ንጉሡ ውለታውን ሊመልስለት፣ ኢየሩሳሌም ወስዶ ሊጦረው ሲል የበላሁትንና የጠጣሁትን መለየት አልችልም፣ ለጌታዬ ሸክም አልሆንም ብሎ ወደ ከተማው የተመለሰው። እንዴት ያለ ኩሩ ሰው እያልኩ አደንቀው ነበር። አሁን ሳነበው ሌላ ነገር አያለሁ። ቤርዜሊ ንጉሡን ባዶ እጁን አልሰደደውም፤ በእሱ ፈንታ አንድ ወጣት ወደ ንጉሡ ማዕድ ላከ። ኩራቱን ብቻ ወስጄ ያን መልቀቁን ትቼው ኖሬያለሁ።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ፤ ሽማግሌዎችና ገንዘብ ያዦች በተለይ ስሙኝ። የእምነት ሰዎች ስለ ገንዘብ ስንናገር ድምፃችንን ዝቅ ማድረግ እንወዳለን፤ ዛሬ አላደርገውም።

እኔ ማገልገል የጀመርኩት በ1975 ነው፤ በድብቅ፣ በቤት ለቤት ኅብረት። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ከዚያ በፊት በ1974 ተዘግታ ንብረቷ ተወርሶ፣ መሪዎቿ ታስረው ነበር። ስትዘጋ ምእመናኗ 5 ሺህ ገደማ ነበሩ፤ ደርግ በወደቀበት ጊዜ 34 ሺህ ገደማ ደርሰዋል። ያን ጊዜ እንደ እኔ ያለ ወጣት አገልጋይ ደመወዝም ቢሮም የለውም። አንዷ እናት ምሳ ታበላኛለች፤ አንዱ ወንድም ጫማውን ይሰጠኛል፤ ለታሰሩት ስንቅ በተራ ይቋጠራል። ማንም በቃለ ጉባኤ ሳያጸድቀው ቤተ ክርስቲያን አገልጋዮቿን ትጦር ነበር። ነጻነት ሲመጣ ሕንጻ ሠራን፤ ደመወዝ ቆረጥን፤ መዝገብ ከፈትን። ጥሩ ነው። ግን ያች ምሳ የምታበላኝ እናት ትሠራው የነበረው ሥራ ለማን እንደተላለፈ አልጠየቅንም።

በ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ ፕሮቴስታንቶች ከመቶ 10.2 ነበሩ፤ በ1999ኙ 18.6 ሆኑ። ያን ሁሉ ሕዝብ ያስተማሩ፣ ያጠመቁ፣ የዳሩና የቀበሩ አገልጋዮች ዛሬ በአንድነት እየሸበቱ ነው። የእኔ ትውልድ በብዛት ከሥራ የሚወጣበት ጊዜ ላይ ነን። በጀርመን ቢስማርክ በ1889 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የሠራተኞችን ጡረታ በሕግ ሲያቆም ዕድሜውን 70 አድርጎት ነበር፤ ያን ጊዜ ብዙ ሰው እዚያ አይደርስም ነበር። የእኛ ሕግ 60 ይላል፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ብዙዎቻችን እንደርሳለን። አዋጅ ቁጥር 715/2003 የግል ድርጅት ሠራተኞችን ጡረታ ሲያቋቁም የሃይማኖት ድርጅት ሠራተኞች በፈቃዳቸው እንዲገቡ በር ከፈተ። በፈቃዳቸው፤ ስለዚህ ካልፈለግንና ካልተመዘገብን ማንም አይጠይቀንም ነበር። እኔን የቀጠረኝ ጉባኤ የተመዘገበው በ2004 ነው። 33 ዓመት ካገለገልኩት ውስጥ የተቆጠረልኝ 4 ዓመት ነው። ወርኃዊ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ያስፈልጋል፤ እኔ ያገኘሁት አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያልቅ ዳረጎት ነው። እሱም ለቤታችን ጣሪያ ቆርቆሮ ሆነ። የተበደልኩ መስሎኝ አይደለም ይህን የምነግራችሁ፤ በሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ እኔም ተቀምጬ «እግዚአብሔር ያዘጋጃል» እያልኩ አጀንዳውን ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። እግዚአብሔር ማዘጋጀቱን ዛሬም አምናለሁ። በኦቦ ልጅ እጅ አዘጋጅቶልኛል። ግን የአንድ ባጃጅ ነጂ ቸርነት የጉባኤን ግዴታ አያነሣም።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። መዋጮው ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው። የወር ደመወዙ 6,000 ብር የሆነ ወንጌላዊ ከራሱ 420 ብር፣ ከጉባኤው 660 ብር፣ በድምሩ 1,080 ብር ይገባለታል። 660 ብር! አንድ የድምፅ ማጉያ ለማስጠገን የምናወጣውን ታውቃላችሁ። ወጣት አገልጋዮች፣ እናንተም «ስለ ነገ አትጨነቁ የተባለውን አያምንም ይሉኛል» ብላችሁ አትፈሩ፤ ጳውሎስ በርኖሱን ጠይቋል። ሚስቶቻችሁ ይህን ነገር ከእናንተ በፊት አስበውታል፤ ዛሬ ማታ ጠይቋቸው።

ከአልጋ ተነሥቼ በምርኩዝ መሄድ ስጀምር ወደ ዘኍልቍ 8 ተመለስኩ፤ ወደ ጥበቃው። ሸክሙን የተወ ሌዋዊ ከወንድሞቹ ጋር ይጠብቅ ይላልና ቃል በቃል ወሰድኩት። የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ዘበኛ አለ፤ ከወሎ የመጣ፣ ከእኔ ብዙ የማያንስ ሰው ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት አጠገቡ ወንበር አስቀምጬ እውላለሁ። ምንም አልሠራም። ግን በር ላይ የሚቆም ሰው በመድረክ የማይሰማውን ይሰማል። ወደ ቢሮ ለመግባት ያፈረች ልጅ ትቀመጣለች፤ ኪራይ የተጨመረበት አባት ይቆማል፤ ቤት የፈረሰበትም ይመጣል። ስብከት አልሰጣቸውም። ዘበኛው ሻይ ያፈላል፤ አብረን እንጠጣለን፤ ካስፈለገ ደግሞ ወጣቱን አገልጋይ እጠራለሁ። እሱም አሁን ሲሰብክ እኔን አይቶ ድምፁን አይለውጥም። ባለፈው ወር ባለቤቱ ስትወልድ ገንፎውን ይዛ የሄደችው የእኔ ሚስት ናት።

ከዚህ በኋላ ቡና አለ። የጡረታ መመዝገቢያ ቅጹ በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ነው። የእድራችን ጸሐፊ፣ በሒሳብ ሥራ ብዙ ዓመት የቆዩ እህት ናቸው፤ አጠገቡ ተቀምጠው ለሚጠይቃቸው ሁሉ ያስረዳሉ። የሰበታ ጉባኤዎች ገንዘብ ያዦች፣ መኪናችሁ 9 ሰዓት ላይ ስለሚነሣ መጀመሪያ እናንተ ወደ እሳቸው ቅረቡ። እኔ እዚያው በሩ ላይ ነኝ።